ስለ ዎክ ጠይቁ፦ ከሐይቅ ዳር እስከ ቤዛዊት

ስለ ዎክ፣ ማለትም ለስፖርት ብሎ በእግር ስለ መሄድ፣ ጥያቄው ክፍት ነው። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ጾም፣ የፈለጋችሁትን አምጡ፤ በተራ እመልሳለሁ። ለመነሻ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ዘንባባው ጥላ ይሰጣል፣ የጣና ነፋስ አለ፣ መንገዱ አቀበት አይበዛውም። ለእግረኛ ከዚህ የተመቸ ከተማ ማግኘት ይቸግራል። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው፤ የሚያስገድደው አቀበት ስለሌለ ሰው ሳይታወቀው ፍጥነቱን ይጥላል።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ከባለቤቴ ጋር በየማታው ሐይቅ ዳር አንድ ሰዓት ዎክ እናደርጋለን። ሦስት ወር ሞላን፤ ደረጃ ስወጣ ግን አሁንም ትንፋሼ ይቆራረጣል። ዎክ የእውነት ስፖርት ነው ወይስ ራሳችንን እያታለልን ነው?

መልስ፦ ስፖርት ነው፤ እናንተ የያዛችሁት ግን ሽርሽር ይመስለኛል። ሽርሽር ክፉ አይደለም፣ ለትዳርም ጥሩ ነው። ልብና ሳንባ ግን የሚለወጡት ከለመዱት በላይ ሥራ ሲሰጣቸው ነው። ስትሄድ ፍጥነትህን ሳትቀይር በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደረገጥክ ቁጠር፤ ግራውንም ቀኙንም። 25 ከሆነ በደቂቃ 100 እርምጃ ማለት ነው፤ ለአብዛኛው ጎልማሳ መካከለኛ የሚባለው እንቅስቃሴ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። 20 ወይም 21 ከወጣልህ ሽርሽር ላይ ነህ። 32 ወይም 33 ከደረስክ ወደ ብርቱው ገብተሃል። መቁጠር የሚሰለቸው በአፉ ይለካ፦ ከጎኑ ካለ ሰው ጋር ማውራት ችሎ መዝሙር ማውጣት ግን ካቃተው ልኩ ላይ ነው።

ለባሕር ዳር ሰው ሌላም መለኪያ አለ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛ መንገድም አለው። እርምጃህ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ 540 እርምጃ ያህል ነው። በ5 ደቂቃ ተኩል ካለፍከው በደቂቃ 100 እየረገጥክ ነው። 7 ደቂቃ ከፈጀብህ ውሃውን ስታይ ነበር ማለት ነው። ውሃውን ስትመለስ እየው።

ጥያቄ (ከዚያው ሰው)፦ ልፍጠን ብዬ እርምጃዬን ሳስረዝም ታፋዬንና ወገቤን ያመኛል።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እግርህን ሩቅ ስትወረውር ተረከዝህ ከሰውነትህ ቀድሞ ያርፍና እንደ ፍሬን ይይዝሃል፤ በየእርምጃው ራስህን ታቆምና እንደገና ትገፋለህ። እርምጃህን አሳጥረህ ቶሎ ቶሎ ርገጥ። ክርንህን ወደ 90 ዲግሪ አጥፈህ ክንድህን ወደ ኋላ ግፋው፤ ወደ ፊት በራሱ ይመጣል። ክንድ ሲፈጥን እግር ይከተላል። ተረከዝህ ቀድሞ ይረፍ፣ በመጨረሻ በጣቶችህ መሬቱን ወደ ኋላ ግፋ። ዓይንህ ስልክ ላይ ሳይሆን ከ10 እስከ 15 ሜትር ፊት ለፊት ይሁን። ስልክ እያዩ መሄድ አንገትን ከማጉበጡም ሌላ አንዱን ክንድ ከሥራ ያወጣል።

ጥያቄ (ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ)፦ በቀን 10,000 እርምጃ ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቁጥሩ የመጣው በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፤ «ማንፖኬ» ማለት የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ያኔ በምርምር የተደረሰበት ቁጥር አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ያለ ዕድሜ የመሞት ስጋት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ከ6,000 እስከ 8,000፣ ከ60 በታች በሆኑት ላይ ደግሞ ከ8,000 እስከ 10,000 ድረስ እየቀነሰ ሄዶ ከዚያ በኋላ ብዙም አይቀንስም። አንተ ግቢ ውስጥ ከዶርም ካፌ፣ ከካፌ ክላስ ስትል ግማሹን ሳታስበው ትሠራዋለህ። የጎደለህ ፈጠን ያለው ክፍል ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሠራው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነኝ። በሳምንት ስንት ደቂቃ ይበቃኛል? በአንዴ መሆን አለበት?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ድሮ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚል ነበረበት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው ሲታደስ ወጥቷል። ስለዚህ መቆራረጥ ይቻላል። ከባጃጁ 1 ኪሎ ሜትር ቀድመሽ ውረጂ፤ ፈጠን ካልሽ 12 ደቂቃ አይሞላም። ጠዋትና ማታ፣ አምስት ቀን፣ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። የቀረውን ቅዳሜ ትሞይዋለሽ።

ሌላው መላ ማፈራረቅ ነው፦ 3 ደቂቃ በጣም ፈጥኖ፣ 3 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ አምስት ዙር፤ ድምሩ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን። ይህም ጃፓን ውስጥ በመካከለኛ ዕድሜና በአረጋውያን ላይ ተሞክሮ፣ ዝም ብሎ በአንድ ፍጥነት ከመሄድ ይልቅ የጭን ጡንቻንና የትንፋሽን አቅም አሳድጓል። ሰዓት ማየት ካስጠላሽ የመንገድ መብራት ምሰሶ ቁጠሪ፤ ዐሥሩን ፈጥነሽ፣ ዐሥሩን ቀስ ብለሽ። ጡንቻውን በተመለከተ ወንበርሽን ተጠቀሚበት፤ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ 10 ጊዜ ተነሽ ተቀመጪ፣ ሦስት ዙር።

ጥያቄ (ቀበሌ 14)፦ ቦርጬን ያጠፋልኛል?

መልስ፦ በዎክ ብቻ? በጣም ቀስ ብሎ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት ሲሄድ ወደ 250 ካሎሪ ያቃጥላል። ከዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎም ቢሆን 70 ያህሉን ማቃጠሉ አይቀርም። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሒሳቡን እንግዲህ ሐይቅ ዳር ከተጓዝክ በኋላ የምትቀመጥበት ቦታ ይነግርሃል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ሚዛኑ ሳይነቃነቅ የደም ግፊት፣ የስኳርና የእንቅልፍ ለውጥ ሊቀድም ይችላል፤ ስለዚህ ከሚዛን ይልቅ በሜትር እምብርትህ ላይ ለካ፣ በ15 ቀን አንዴ።

ጥያቄ፦ በስንት ሰዓት መውጣት ይሻላል? ማታ ሐይቅ ዳር ጉማሬ አለ ይባላል።

መልስ፦ አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ በተለይ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትና ደንገል የበዛበት አካባቢ። አደጋው የሚመጣው በእሱና በውሃው መካከል ስትቆም ነው፤ መመለሻውን የዘጋህበት ይመስለዋል። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሰውና መብራት ያለበትን አስፋልት ያዝ። ያ ሰዓት የወባ ትንኝም መውጫ ስለሆነ እጅጌ ሙሉና ካልሲ አትርሳ።

ምርጡ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረፋዱ ላይ ይከብዳል፤ ያኔ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚበረታ ጠዋቱ ያንተ ነው። የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ጠርዝ ሂድ፤ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት እንዲታይህ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት በየቀኑ 8 ኪሎ ሜትር ሄድኩ። አሁን የቅልጥሜ ፊት ይወጋኛል።

መልስ፦ ከዜሮ ወደ 8 ስለዘለልክ ነው። ትንፋሽ በሁለት ሳምንት ይለምዳል፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ለአንድ ሳምንት በግማሽ ቀንስ፣ ከኮብልስቶን ወርደህ አፈሩን ያዝ፣ ማታ 15 ደቂቃ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አድርግበት። ከዚያ በየሳምንቱ በቀን ከ5 ደቂቃ በላይ አትጨምር። ሕመሙ በአንድ ጣት ልትሸፍነው የምትችል ነጥብ ላይ ከሆነና ተኝተህም የሚሰማህ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ተረከዛችሁን የሚያማችሁም ጽፋችሁልኛል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚወጉ፣ ከዚያ የሚለቅ ከሆነ የውስጥ እግር ጅማት ነው። ሃይላንድ ውሃ አስበርዳችሁ ውስጥ እግራችሁን 5 ደቂቃ አንከባሉበት። ግድግዳ ተደግፋችሁ የባታችሁን ጡንቻ 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ሳቡ፣ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አትሂዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷን ሪህ ነው ተብላለች። «መሄድ ይጨርሰዋል» ብላ ቤት ተቀምጣለች።

መልስ፦ ጉልበት በመሄድ አያልቅም፤ መቀመጥ ነው የጭን ጡንቻን አክስቶ ሸክሙን መገጣጠሚያው ላይ የሚጥለው። እማማ በቀን ሁለት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይጀምሩ። ደንቡ ይህ ነው፦ ሲሄዱ መጠነኛ ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው የባሰ ከሆነ ወይም ካበጠ በዝቷል፣ ይቀንሱ። ከዘራው በግራ እጅ ይያዝ። አዎ፣ ከታመመው እግር በተቃራኒው በኩል። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዝና ያጋድላል። ከዘራውና ቀኝ እግራቸው አብረው ይቅደሙ። ቁመቱ እጃቸውን ዘና አድርገው ሲያወርዱ አንጓቸው ላይ የሚደርስ ይሁን፤ ከረዘመ ጫፉ ይቆረጥ፣ ከሥሩም ጎማ ይደረግለት።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ። ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ በኋላ። እንጀራ በልተው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መሄድ የስኳሩን አወጣጥ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ከደም ይወስዳልና። ከሦስቱ ማዕድ አንዱን ብቻ ከመረጡ እራትን ይምረጡ፤ ከእሱ በኋላ ነው ሁላችንም የምንቀመጠው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ኪስዎ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ርሃብ ወይም ብዥታ ከመጣ ቆመው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይውሰዱ፣ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልተሻለዎት ይድገሙት። ማታ ማታ እግርዎን እስከ ጣት መካከል ድረስ ይዩ፤ ያልተሰማዎት ቁስል ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ የሳልባጅ ስኒከር ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ካወቅክበት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ እየው፤ ወደ ጎን ካጋደለ የሌላ ሰው አካሄድ ይዞ መጥቷል፣ ተወው። ሶሉን በአውራ ጣትህ ጫነው፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ላዩ አዲስ ቢመስልም ስፖንጁ ሞቷል። ማጠፊያው ጣቶች ጋ መሆን አለበት፤ መሃሉ ላይ የሚታጠፍ አይረባም። ተረከዙ ጠንካራ ይሁን። ማታ፣ እግር ካበጠ በኋላ ለካ፤ ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ። ነጠላ ጫማ ለመታጠቢያ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ስጨርስ እግሬን ጣና ውስጥ ነክሬ አቀዘቅዛለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። የጣና ዳር ውሃ ቢልሃርዝያ አለበት፤ ትሉ የሚመጣው ዳር ዳር ካለው ቀንድ አውጣ ነው፣ ያለ ቁስልም ቆዳ በስቶ ይገባል። ቤትህ በቧንቧ ውሃ ታጠብ። እስከ ዛሬ ስትነክር ከነበረ የሰገራ ምርመራ አድርግ፤ መድኃኒት አለው።

ጥያቄ፦ በዓቢይ ጾም እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ዓቢይ ጾም የባሕር ዳር ሙቀት ከሚበረታበት ወቅት ጋር ይገጥማል። እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማትቀምሺ ከሆነ ቀትር ላይ አትውጪ። ወይ ጠዋት በማለዳ 20 ደቂቃ ሳታጣድፊ፣ ወይ ከፈታሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሙሉ ፍጥነት። ቆመሽ ካስቀደስሽ ያን ቀን እግርሽ በቂ ሠርቷል። ረመዳን ለሚጾሙም ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፣ ስድስት ወሬ።

መልስ፦ ሐኪምሽ ካልከለከለሽ ሂጂ፤ 150 ደቂቃው ላንቺም ነው። እያወራሽ መሄድ ካቃተሽ ቀንሺ። ደም፣ የሚፈስ ውሃ፣ ማዞር ወይም የሚመላለስ ቁርጠት ካየሽ ቁሚና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ጥያቄ፦ ሳይክል አይሻልም?

መልስ፦ ለጉልበት ይቀላል፣ ለአጥንት ግን አያግዝም፤ ክብደትህን የሚሸከመው ኮርቻው ነው። ሁለቱም ካለህ ሁለቱንም።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከዓባይ ማዶ ያለው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ መውጣት አማረኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አራት ሳምንት ሜዳ ላይ 30 ደቂቃ ሳይቸገሩ መሄድ ይልመዱ። ግፊትዎ በዚያ ቀን 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቤዛዊት ይቅር፤ ሐኪም ይታይዎት። መድኃኒትዎን «ዎክ ጀምሬያለሁ» ብለው አያቁሙ። አቴኖሎል የሚወስዱ ከሆነ የልብ ምትዎ እንደ ሌላው ሰው ስለማይጨምር በእጅ ሰዓት አይመሩ፤ በማውራትዎ ይለኩ። አቀበቱ ላይ እርምጃ መቁጠር አይሠራም፤ አጭር አጭር እየረገጡ፣ ከወገብ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት ወደ ፊት ያዘንብሉ። ደረት ከተጨመቀ፣ ሕመም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ዓይን ከጨለመብዎ ይቀመጡ፣ ሰው ይጥሩ፤ ቢተውዎትም በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ።

ቁልቁለቱ ለትንፋሽ ይቀላል፣ ለጭን ግን ይከብዳል። ጡንቻው እየተለጠጠ ስለሚሠራ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ያንገበግባል፤ ጉዳት አይደለም። ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ አድርገው በአጭሩ ይርገጡ። የመጀመሪያውን ቀን እስከ ግማሽ ብቻ ወጥተው ይመለሱ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወዲያው አይቁሙ፤ 5 ደቂቃ ቀስ ብለው ይሂዱና ከዚያ ባጃጅ ይያዙ።