ኮመን ኮርስ ንቄ ምን እንደደረሰብኝ ልንገርህ

ወንድሜ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) እንደሆንክ ጽፈሃል። «ኮርስ አውትላይኑ ላይ የተደረደሩት የመማር ውጤቶች ምን ያደርጉልኛል? ኮመን ኮርስ ማለፍ ብቻ አይበቃም ወይ?» ነው ጥያቄህ፤ ኮመን ኮርስ ማለት ዲፓርትመንት ሳንመደብ በጋራ የምንወስደው ኮርስ ነው። ከላይ አስተያየት የሰጠህ ብዙ ሰው «አትጨነቅ፣ ዋናው ዲፓርትመንት ነው» ብሎሃል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄው ምክር ነው። እባክህ አትስማቸው።

1. አውትላይኑን ተቀብለህ ቦርሳ ውስጥ አትቅበረው። መጀመሪያ የመማር ውጤቶቹን፣ ማለትም ኮርሱን ስትጨርስ ምን ማድረግ እንደምትችል የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገሮች፣ ግስ እይ። «ዲፋይን» (ትርጉም ስጥ) ካለ ሽምደዳ ሊያወጣህ ይችላል። «አይደንቲፋይ» (ለይ)፣ «ኢቫሉዌት» (መዝን) ካለ ግን አያወጣህም። እኔ የሎጂክ ኮርስ ፋላሲዎችን (የክርክር ስህተቶችን) ከነትርጉማቸው በቃሌ ይዤ ነው ፈተና የገባሁት። ወረቀቱን ስገልጠው የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ ተጽፏል፤ «ስህተቱ የቱ ነው?» ይላል። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፣ ንግግር ውስጥ ሲመጣ ግን አላውቀውም። ደርቄ ቀረሁ። አውትላይኑ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «በዕለት ተዕለት ክርክር ውስጥ ፋላሲን መለየት» ይል ነበር።

2. ክሬዲቱን አትናቅ። 3 ዓመት የነበረው ዲግሪ 4 የሆነው በ2012 ዓ.ም. እነዚህ ኮርሶች ሲመለሱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዓመትህ ነው። ሎጂክ ብቻውን 3 ክሬዲት አለው። በዚያ ፈተና ምክንያት ሎጂክ ላይ ያገኘኋት ሲ ጂፒኤዬን (አማካይ ውጤቴን) ጎትታ አወረደችው፣ ምደባ ሲመጣ የምፈልገው ዲፓርትመንት ለጥቂት አመለጠኝ።

3. ቅሬታ ካለህ ውጤት የተለጠፈ ዕለት በጽሑፍ አስገባ። የተማርኩት ሌላ ከተማ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ወረቀቴን ልይ ብዬ ቢሮ ብሄድ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጊዜው አልፏል፣ በሩን ዝጋው» አለችኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ቀኑ መቼ እንዳለፈ የነገረኝ ሰው የለም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ታናሽ እህቴ እዚሁ ጎንደር ስትገባ ግን ያንን ስህተት አልደገምነውም። አዘዞ ቤታችን ቁጭ ብለን እያንዳንዱን የመማር ውጤት ወደ ጥያቄ ቀይረን ደብተር ላይ ጻፍን። መልሱን ከሞጁሉ ብቻ ሳይሆን ከሰፈር ወሬም እንድትፈልግ አደረግኳት። አንድ ቀን በታክሲ ወደ ፒያሳ ስንሄድ አንድ ተሳፋሪ ሂሳብ በዛ ብሎ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቀ። ረዳቱ «አንተ ረዳት ሆነህ ታውቃለህ?» አለው። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አድ ሆሚነም! ሂሳቡን ትቶ ሰውየውን ነው ያጠቃው» አለችኝ። ኤ እንደምታመጣ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ አመጣችም። ያሰበችው ዲፓርትመንትም ገባች።

ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂ ላይም እንዲሁ አድርግ። የሎጂኩን አውትላይን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች አብረን እናወጣለን።