ልጅ ሲያነብ ጸጥታ ነው ወይስ ዋይት ኖይዝ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ ነው የመሰለኝ። የ8 ዓመት ልጅሽ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ተብለሻል፤ ንባቡም ወደ ኋላ ቀርቷል። አንዱ «ቤቱን ጸጥ አድርጊለት» ይልሻል፣ ሌላው «ዋይት ኖይዝ ክፈቺለት»፣ ማለትም ወጥ የሆነ የ«ሽሽሽ» ድምፅ። የማንን ልስማ ነው ያልሽው። እኔ የምልሽ፣ መልሱ በድምፁ ዓይነትና ልጁ በያዘው ሥራ ይለያያል።

መጀመሪያ የሰው ንግግር ያለበትን ሁሉ አጥፊ። ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ግጥም ያለው ዘፈን። አእምሮ ንግግር ሲሰማ ሳይወድ በግዱ ይከተለዋል። የእኔ ልጅ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሲያነብ ቃሉ መሃል ላይ ይቆማል። ጣቱ ፊደሉ ላይ እንዳለ ዓይኑ ወደ ሳሎን ይሄዳል። ሲመለስ ቃሉን እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምራል። ቃሉን ሲጨርስ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ጠፍቶታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ እባክሽ ማንም እንዲህ እንዳይለው።

አዲስ ፊደል ስታስተምሪው ወይም ቃል እየጠራሽ ስታስጽፊው ግን ምንም ድምፅ አይኑር። ዋይት ኖይዝም ጭምር። «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» የሚለየው በጣም አጭር የድምፅ ልዩነት ነው፤ ጫጫታ ደግሞ ቶሎ የሚሸፍነው እንዲህ ያለውን ነው። እኛ ያልሰማነውን ከወሬው አካሄድ እንገምታለን። ልጅ ገና ያን ያህል ቃል አላጠራቀመም። ዲስሌክሲያ (ቃል ማንበብና መጻፍ በተለየ የሚያስቸግርበት ሁኔታ) ካለበት ደግሞ በጫጫታ መሃል ንግግር መለየት ይበልጥ ይከብደዋል።

ጫጫታ ችግር የሌለባቸውንም ልጆች ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ የወጣ ጥናት አለ። ባቡር በአጠገቡ በሚያልፍ ትምህርት ቤት፣ በሐዲዱ በኩል ባሉ ክፍሎች የሚማሩት በንባብ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። በኋላ ሐዲዱ ላይ ድምፅ የሚቀንስ ላስቲክ ተደረገ፣ ክፍሎቹም ድምፅ የሚውጥ ጣሪያ ተሠራላቸው። ልዩነቱ ጠፋ። እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ መጨረሻው ነው።

ወደ ዋይት ኖይዝ ስንመጣ፣ ድምፁ ቃልም ዜማም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የስዊድን ተመራማሪዎች ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች በዚህ ድምፅ ውስጥ የተሻለ እንዳስታወሱ አሳዩ። የሌለባቸው ልጆች ግን ባሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራም ወደዚያው ደረሰ፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። አሁን በየቦታው የሚወራለት ብራውን ኖይዝ (ወፈር ያለው ዓይነት) ላይ ደግሞ ያ ሥራ አንድም ጥናት አላገኘም። ስለዚህ ተአምር አትጠብቂ፣ ግን ሞክሪው። ፊደሉን ለይቶ ብቻውን ሲለማመድ ወይም ሲገለብጥ ይሁን።

አሞካከሩ ቀላል ነው። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ምረጪ። አንዱን ዋይት ኖይዝ ተከፍቶ፣ ሌላውን ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። የተሳሳተውን ቁጠሪ፣ ከዚያ ምን እንደሚል ጠይቂው። በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ቀይሪ። «ደስ ይለኛል» ማለቱን ብቻ አትመኚ፤ ልጆች ግጥም ያለው ዘፈንም ደስ ይላቸዋል።

ድምፁን ከፍ አታድርጊ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጆሮ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት ለ40 ሰዓት 75 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። ቤት ውስጥ የእኔ መለኪያ፣ በተለመደ ድምፄ ስጠራው ወዲያው መስማት አለበት።

ለመምህሩም ከበርና ከመስኮት ራቅ፣ ወደ ሰሌዳው ቀረብ እንዲያደርጉት ንገሪያቸው። ደግሞ እህቱ አብራው ታጠናለች ብለሻል፤ እሷ የትኩረት ችግር ከሌለባት ያ ድምፅ ሊያውካት ይችላል። ለእሱ በሄድፎን ይሁንለት፣ ወይም በተለያየ ክፍል ያጥኑ። የጆሮ ምርመራ ካላደረገ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን አስደርጊለት።