ስብከት በተከለከለባት ናዝሬት ሚሲዮኑ እንዴት አስተማረ?

ጥያቄ፦ አያቴ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) የሚሲዮን ሆስፒታል ድሬሰርነት (የሐኪም ረዳትነት) ተምረዋል። በዚያ ዘመን የውጭ ሚሲዮኖች በከተማዋ እንዳይሰብኩ ተከልክለው እንደነበርም ያጫውቱናል። መስበክ ካልተፈቀደላቸው ማስተማሩ እንዴት ተፈቀደላቸው? ወንጌላውያን አማኞችስ በአዳማ እንዴት በረከቱ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አያትዎ ያጫወቱዎት ትክክል ነው። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን «ክፍት» እና «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ክልል በማለት ለሁለት የከፈለ ሲሆን፣ በሁለተኛው ክልል ሚሲዮኖች የራሳቸውን እምነት እንዳያስፋፉ ሲከለክል ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈትን ግን ፈቅዷል። ናዝሬት ስብከት ከተከለከለባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች።

ስለዚህ ሜኖናይት የተባለው የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት ሚሲዮናውያን በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ከተማዋ ሲመጡ ሥራቸውን የጀመሩት በሕክምና ነው። ሥራ ያቆመ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ አድሰው ሆስፒታል አደረጉት፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስምም ተሰየመ። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋና መድኃኒት የሚያድል ረዳት በአገር ውስጥ ማፍራት ግድ ስለነበር ሆስፒታሉ ወጣቶችን ድሬሰርነት ያሠለጥን ጀመር። በእኔ እምነት የቄስ ትምህርት ቤቱ ውለታ እዚህ ላይ ሊዘነጋ አይገባም፤ ከፊደልና ከመልእክተ ዮሐንስ ተነሥቶ ዳዊት እስከ መድገም የደረሰ ልጅ ማንበብንና በቃል መያዝን ተምሮ የመጣ ነውና፣ የአያትዎ ሁለት ትምህርት ቤቶች በእምነት ቢለያዩም አንዱ ለሌላው መሠረት ሆኗል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሚሲዮኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠውን ባይብል አካዳሚ ከፈተ። ቀጥሎም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ሲሉ ከአንድ ሚሲዮናዊ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመሩ፤ በኋላ «ሰማይ ብርሃን» ተብሎ የታወቀውና ከዚሁ ሚሲዮን ሥራ ከተወለደችው ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተዋሐደው የወጣቶች እንቅስቃሴ የበቀለው ከዚህ ነው። እንግዲህ የጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል መልስ በአብዛኛው እነዚህ ወጣቶች ናቸው፤ በአገሩ ቋንቋ ለእኩዮቻቸው የመሰከሩት እነርሱ እንጂ የውጭ ሰዎች አልነበሩምና።

ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስን ዘግቶ መሪዎቿን አሰረ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ አካዳሚውም በዚያው ተወሰደ። አንድን ትምህርት ቤት በባለቤቶቹ እምነት ምክንያት መንጠቅ ዛሬም የሚያሳዝን በደል ነው። ምእመናኑ ግን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ቆዩ፤ ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። አካዳሚው በኋላ ለቤተ ክርስቲያኗ ተመልሷል። አያትዎ የሠለጠኑበት ሆስፒታልም በመንግሥት እጅ ሆኖ፣ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ተብሎ ሐኪሞችን ያስተምራል።