ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፒያስትራው «ችስ» ሲል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስቼ ፀጉሬን እታጠባለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ መያዝ አለብኝ፤ መብራትም እንዳይጠፋብኝ ስል በደንብ ሳይደርቅ በፒያስትራ እተኩሰዋለሁ። «ችስ» ይላል፣ ይጨሳል። አሁን የግንባሬ ፀጉር ተበጣጥሶ ከጣት አይበልጥም። የፀጉር ቫይታሚን ልጀምር?

መልስ፦ ቫይታሚኑ ይቆይ። መጀመሪያ ማበጠሪያው ላይ ከቀረው ፀጉር አምስት ስድስት ዘለላ ወስደው መስኮት አጠገብ ብርሃን ላይ ይያዙት። አንዱ ጫፍ ላይ እንደ ስፒል ራስ ያለች ትንሽ ነጭ እብጠት ካለች ፀጉሩ የወጣው ከሥሩ ነው። ከሌለች ግን መሃል ላይ ተበጥሷል። የተበጠሰውን ደግሞ በደንብ ይዩት፦ ነጫጭ ነጥቦች ካሉበት፣ እዚያው ላይ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። እርስዎ ከነገሩኝ ተነስቼ የምገምተው ይህን ነው፤ ይህን ደግሞ ቫይታሚን አይጠግነውም።

ያ «ችስ» የሚለው ድምፅ የሚፈላ ውሃ ነው። ፀጉር ሲርስ የክብደቱን 30 በመቶ ገደማ ውሃ ይጠጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ፒያስትራው ደግሞ 180ም 200ም ይደርሳል። ዘለላው ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ፀጉሩን ከውስጥ ይነፋዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል፤ በሕክምና ባብል ሄር ይባላል። በዚያ ላይ እርጥብ ፀጉር ከደረቀው በጣም ባነሰ ሙቀት ይበላሻል።

ሳጥኑ ላይ «ለእርጥብ ፀጉርም ይሆናል» የሚሉ ፒያስትራዎች አሉ። የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳቸው ሙቀቱን አይቀንሰውም፤ እኔ አልመክርም።

ሌሊት ከታጠቡ በፎጣ አይሹት፤ በአሮጌ ጥጥ ቲሸርት ጨምቀው አራት ቦታ ከፍለው ይተዉት። ጊዜ ከሌለ ፎኑን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርገው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው፣ አንድ ቦታ ሳያቆሙ ያንቀሳቅሱት። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ስለሚሆን ማጅራትዎ ላይና ሥሩ አካባቢ በጣት ይፈትሹ። ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው። ከሙቀት የሚከላከል ስፕሬይ ከተጠቀሙም እሱ ራሱ ይድረቅ። ቅቤና ዘይት ግን ከተኩስ በፊት አይቀቡ፤ ግለው የራስ ቆዳ ያቃጥላሉ።

ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት እየያዙ ከ150 እስከ 180 ዲግሪ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ያሳልፉ። ሪላክሰር ያለበት ፀጉር ከ150 ባይበልጥ ይሻላል። ዲግሪ የማያሳይ መሣሪያ ስንት እንደደረሰ ስለማይታወቅ ቢቀየር ጥሩ ነው። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ውሃ በመጣበት ቀን ሁሉ መተኮስ ግዴታ አይደለም፤ በዚያ ቀን ላላ ያለ ሹሩባ ወይም ቢጎዲን ይሠራሉ።

የተበሳሳው ክፍል አይድንም፤ ነጫጩ ነጥብ ካለበት በላይ ያስቆርጡት። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ የግንባርዎ ፀጉር አገጭ ለመድረስ አንድ ዓመት አልፎ ይሄዳል።

ፀጉሩ ከሥሩ የሚወጣ ከሆነ፣ መሃል አናትዎ ከሳሳ ወይም የራስ ቆዳው የሚያቃጥል ከሆነ ግን በጤና ጣቢያ ሪፈር አስጽፈው የቆዳ ሐኪም ያግኙ፤ የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነም የደም ማነስ ምርመራ ይደረግልዎ። ፒያስትራው ቆዳዎን ከነካ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት፣ ኮልጌት አይቀቡ።

ሌላም አለ፦ እየተኮሱ መብራት ከጠፋ ሶኬቱን ነቅለው ይውጡ። መብራቱ የሚመለሰው እርስዎ ቢሮ ከገቡ በኋላ፣ ፒያስትራው አልጋ ላይ እንዳለ ሊሆን ይችላል።