ድምፁን ዝጉት፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑ

ልጆቼ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ነው ያረጀሁት። ፊልም መሥራት አላውቅም። ግን በስልክ የሠራችሁትን አኒሜሽን ይዛችሁ "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን" ስትሉኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

ድሮ የጠገንኩትን ቴሌቪዥን የምሞክረው ድመቱ ቶም አይጧን ጄሪን በሚያሳድድበት ካርቱን፣ በቶም ኤንድ ጄሪ ሲዲ ነበር። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ድምፁ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሁሉም አለበት። ችግሩ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ደጄ ላይ ይኮለኮላል።

አንድ ቀን ስፒከሩ የተቃጠለ ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ምስል ብቻ፣ ድምፅ የለም። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ያሉ አንድ ገበሬም ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው አዩ። እሳቸው ግን ተናደዱ። "ድመቱ ምን አጠፋ? ጤፌን የጨረሰችው ይቺው አይደለች እንዴ!" አሉ። ከዚያ ወዲህ እኔም ለቶም ነው የማዳላው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ድምፅ አለ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ልጆቹ አልሄዱም። "አሁን በጣቱ ጫፍ እየሄደ ነው... አሁን ደረጃ ላይ ተንከባለለ... አያችሁ፣ ጭራውን ነከሰችው!" ይላሉ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጠው። ያን ሙዚቃ የደረሰው ስኮት ብራድሌይ የሚባል ሰው ነው። እያንዳንዱ እርምጃ፣ እያንዳንዱ ውድቀት የራሱ ድምፅ አለው።

ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ በፈረንጆች 1940 ሲጀምሩት የድመቱ ስም ቶም እንኳ አልነበረም፤ ጃስፐር ነበር። እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልም ሠሩ፣ 7 ኦስካር አገኙበት። የተሠራው ለሲኒማ ቤት ነው፤ ቴሌቪዥን በኋላ ነው የወሰደው። አንዱ በአብዛኛው 7 ደቂቃ ገደማ ነው። ፊልም ደግሞ በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። እርሳስ ይዤ ሳሰላው ከ10,000 በላይ መጣ። ሁሉም አዲስ ሥዕል አይደለም፤ ቢሆንም በእጅ ነው የተሣለው።

በ1975 ለቴሌቪዥን ተብሎ በተሠራው ግን ሁለቱ ጓደኛሞች ሆኑ። እርቅ ጥሩ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ወጡን ጨው አሳጣው።

እናንተ የምታሳዩኝን ሳይ፣ ሥዕሉ መናገር ሲያቅተው ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ሙዚቃው ከየትም ተቆርጦ የመጣ ነው፤ እንደ ተውሶ ኮት ይንቦረቀቅበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ ለእናታችሁ አሳዩዋት። "ምንድን ነው ያለው?" ካለች ገና ነው። ቀጥሎ ስልኩን ደፍታችሁ ለታናሽ ወንድማችሁ አሰሙት። ምን እንደሆነ ከነገራችሁ ያኔ ወደ እኔ አምጡት፤ ቡናው በእኔ ነው። ለመለጠፍ አትቸኩሉ። እኔም ሳልሞክር ያስረከብኩት ዕቃ ሁሌ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

ያን ጨለማ ቴሌቪዥን በማግስቱ ጠግኜ ያንኑ ፊልም ከፈትኩላቸው። ከሁሉም ትንሹ ልጅ እስከ መጨረሻው አየና ቅር አለው። "ጋሼ፣ ትናንት ያየሁት ቤት ከዚህ ይበልጥ ነበር" አለኝ።