የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጨለማ ለሚሮጡ የግንባር ባትሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ በፊት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ከባሕር ዳር ከተማ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ እሮጣለሁ። የመንገድ መብራት እስካለ ድረስ ችግር የለም፤ ከዚያ ወዲያ ግን እግሬ የሚያርፍበት አይታየኝም። ገበያ ላይ «10 ሺህ ሉመን» የሚል የግንባር ባትሪ አየሁ፤ ዋጋውም አይከብድም። ልግዛው?

መልስ፦ ይተዉት። ሉመን መብራቱ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ እውነት ሊሆን እንደማይችል በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። በእነዚህ መብራቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ጥሩው ከ3,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል፤ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ኤልኢዲ መብራት ከአንድ ዋት በግምት 100 ሉመን ያወጣል። ስለዚህ 10 ሺህ ሉመን 100 ዋት ይጠይቃል፤ ባትሪው ቢችለው እንኳ በ7 ደቂቃ ያልቃል፤ ሙቀቱንም ግንባር አይችለውም። ባትሪው ላይ «9,900» ሚሊ አምፒር ሰዓት ተጽፎ ካዩ ደግሞ ያው ውሸት ነው። ከተጠራጠሩ ባትሪውን አውጥተው ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ያስመዝኑት፤ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም ከሆነ ውስጡ ባዶ ነገር አለበት ማለት ነው።

ታዲያ ስንት ይበቃል? አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በሰከንድ 3.3 ሜትር ይጓዛል። ጉድጓድ አይቶ እርምጃውን ለመቀየር 3 ሰከንድ ቢፈልግ፣ 10 ሜትር ያህል ከፊቱ ጥርት ብሎ ሊታየው ይገባል። ለዚህ አስፋልት ላይ 200 እውነተኛ ሉመን ይበቃል፤ ድንጋይና ቦይ ላለበት የአፈር መንገድ 300 ይሁን። ከ400 በላይ የሚያስፈልገው ቁልቁለት በፍጥነት ለሚወርድ ሰው ነው። 300 ሉመን 3 ዋት ያህል ስለሚወስድ ደህና 18650 ያለው መብራት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያገለግላል።

ከሉመን ይልቅ ሰዓቱን ይመርምሩ። ካርቶኑ ላይ «ኤፍ ኤል 1» (FL 1፣ የእጅና የግንባር መብራቶች የሚለኩበት ደረጃ) የሚል ምልክት ካለ መለኪያው የታወቀ ነው። ይሁንና የሚጻፈው ሰዓት ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። «300 ሉመን፣ 6 ሰዓት» ማለት በስድስተኛው ሰዓት 30 ሉመን ቀረ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብርሃኑን ሳይቀንስ የሚይዝ መሆኑን ራስዎ ይፈትኑ። ሙሉ ቻርጅ አድርገው በመካከለኛው ደረጃ አብሩትና ጨለማ ክፍል ውስጥ ወደ ግድግዳ ያዙሩት፤ ከዚያ ስልክዎ ላይ ብርሃን የሚለካ አፕ ከፍተው፣ ስልኩን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ በየ15 ደቂቃው ያንብቡ። ከመብራቱ ፊት ቬንትሌተር ቢያደርጉ ይሻላል፤ ሲሮጡ ነፋስ ያበርደዋል፣ ቤት ውስጥ ግን ሞቆ ራሱን ሊቀንስ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በግማሽ ከወረደ ለእርስዎ አይሆንም።

ሌንሱን በመግፋትና በመሳብ ብርሃኑን የሚያጠብና የሚያሰፋ ዓይነት ለሩጫ አንመክርም። ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ክብ ሆኖ ይወርድና ከክቡ ውጭ ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል፤ ዓይን ቶሎ ይደክማል። መሐሉ ደመቅ ብሎ ወደ ዳር ቀስ እያለ የሚፈዝ ይምረጡ። የደመቀው መሐል ከእግርዎ 5 እስከ 6 ሜትር ፊት እንዲያርፍ አዘንብለው ያስሩት። ዳሩ የቀረውን ያሳይዎታል።

በነገራችን ላይ በባሕር ዳር ፀሐይ በግንቦት ማብቂያ ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፎ፣ በጥር ግን 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትወጣለች። ከ11 ሰዓት የሚነሣ ሰው በጥር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መብራት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። ፀጉሬን ሹሩባ ስሠራ የግንባር ባትሪው ማሰሪያ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ስሮጥም ይዘላል። ሳጠብቀው ራሴን ያመኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህታችን፣ የሚያዘልለው ክብደቱ ከፊት መከማቸቱ ነው። ባትሪውም መብራቱም ግንባር ላይ ከሆነ ጠቅላላው ከ80 እስከ 90 ግራም ባያልፍ ጥሩ ነው። ከዚያ የሚከብደው የባትሪው ሳጥን ወደ ማጅራት የሚሄድ ዓይነት ይሁን፤ ሁለቱ ወገን ሲመዛዘን ማሰሪያውን ብዙ ማጥበቅ አያስፈልግም። ለሹሩባ በጭንቅላት አናት ላይ የሚያልፍ ሦስተኛ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። ማሰሪያው ከውስጥ በኩል የሲሊኮን መስመር ከሌለው ከታች ቀጭን የጥጥ የግንባር ማሰሪያ አድርጊ፤ ላብም ይመጥልሻል። ገመዱ ከኋላ በሹሩባው ሥር እንጂ በላዩ አይለፍ። ጥብቀቱን ለማወቅ አንድ ጣት አስገቢና እዚያው ቆመሽ ዝለዪ፤ ጣትሽ በቀላሉ ገብቶ መብራቱ ካልተወዛወዘ ልኩ ነው።

ጥያቄ፦ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ በጣና ዳር ስሮጥ ትንኝ ዓይኔና አፌ ውስጥ ይገባል። ብርሃኑን ስጨምር ይብሳል። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ ትንኙ የሚመጣው ወደ ብርሃኑ ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ ከዓይንዎ አራት ጣት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ካርቶኑ ላይ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ወይም ከዚያ በታች የተጻፈበት ይፈልጉ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ብርሃን ነፍሳትን ይበልጥ ይስባል። ሁለተኛ፣ መብራቱን ወደ ወገብ ያውርዱት። ማሰሪያው ከረዘመ በቀበቶ ላይ ይታሰራል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ ከግንባር የሚወጣ ብርሃን ከዓይን ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ ጀርባ ይደበቃል፤ መሬቱ ሁሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ከወገብ ሲበራ ጥላው ይታያል፤ የተነሣ ኮብልስቶንም ሳይመቱት ይለያል። ጭጋግ ሲኖርም እንዲሁ ነው፤ ከዓይን አጠገብ የሚወጣ ብርሃን ከጭጋጉ ተመልሶ ዓይን ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዝቅ ያድርጉት፤ ኃይሉንም ይቀንሱ።

አንድ ነገር ግን መብራት አይፈታውም። ጉማሬ ማታ ከውኃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ከመንጋቱ በፊት ይመለሳል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢና ሸንበቆ ባለበት ዳር በጨለማ አይሩጡ። በጉማሬና በውኃው መካከል መግባት አደገኛ ነው። ዛፍ ያለበትን የአስፋልት መንገድ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ድንጋይ የሚገባበት ይሻላል ወይስ ቻርጅ የሚደረግ? መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ በየቀኑ ለሚሮጥ ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል፤ ከተቻለ ደግሞ ሁለቱንም የሚቀበል። ሦስት የሪሞት ድንጋይ የሚወስደው ቀላል ነው፤ ግን ቻርጅ የሚደረጉ 800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ድንጋዮች ቢገቡበት እንኳ ጠቅላላ ጉልበቱ 3 ዋት ሰዓት አይሞላም፤ 200 ሉመንን ለአንድ ሰዓት ከግማሽ ያህል እንኳ አይዘልቅም። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ፓወር ባንክ ይበቃል፤ አንድ 18650 ለመሙላት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል።

አንዳንድ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያላቸው ርካሽ መብራቶች በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል አይሞሉም፤ ውስጣቸው ሊኖር የሚገባው ትንሽ ሬዚስተር ስለተዘለለ ነው። ተበላሽቷል ብለው ከመጣልዎ በፊት አንዱ ጫፉ የድሮው ሰፊ ሶኬት በሆነ ኬብል ይሞክሩት።

ለክረምት «አይ ፒ ኤክስ 4» የተጻፈበት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ዝናብ ይችላል፤ ለሩጫ ይበቃል። «አይ ፒ ኤክስ 7» 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ሁለቱም የሚሠሩት የቻርጅ ቀዳዳው ላስቲክ በደንብ ከተዘጋ ነው። በርጥበት ቻርጅ አያድርጉ፤ ላቡም ጨው ስላለበት ብረቱን ይበላልና ከሩጫ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ማሰሪያውን በሳምንት አንዴ ነቅለው ይጠቡ።

ጥያቄ፦ የግንባር ባትሪ ካለኝ ባጃጅና መኪና ያየኛል?

መልስ፦ ከፊት ያይዎታል፣ ከኋላ አያይዎትም። በግራ ጠርዝ ከመኪናው ፊት ለፊት ይሩጡ፤ ከኋላዎም ትንሽ ቀይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይሰኩ። ቀዩን ከፊት አያብሩት፤ አሽከርካሪ የመኪና ኋላ መስሎት ይሳሳታል። ባጃጅ ሲቃረብ አንገትዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፤ ብርሃኑ ዓይኑን ካወረው ሾፌሩ እርስዎን ማየት አይችልም።