የዲያስፖራውን እውቀት እንዴት እንጠቀምበት? ጠይቁኝ፣ ከጎንደር ነኝ

ሰላም ቤተሰብ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከውጭ ለማስተማርና ለማገዝ የሚመጡ ወገኖቻችንን አዘዞ ኤርፖርት እየተቀበልኩ እዚህ ካሉ ባለሙያዎች ጋር ሳገናኝ ኖሬያለሁ። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሁሉም «ምን ልርዳ» ይላል፣ ጥር ሲያልቅ ግን ዝም ነው። ይሄ ያንገበግበኛል፣ ለዛ ነው ጠይቁኝ ያልኩት። ብዙ መጥቷል፣ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዝኩት። እዛ ለመስራት የስራ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካወጣሽ አያስፈልግሽም እህቴ። በአዋጅ 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያ የሆነ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ስራ ፈቃድም ይቀጠራል። የተከለከለው መምረጥና መመረጥ፣ ከዛ ደግሞ መከላከያ፣ ደህንነት፣ ውጭ ጉዳይና እነሱን የመሰሉ ፖለቲካ ነክ መስሪያ ቤቶች ውስጥ በቋሚነት መቀጠር ነው። ግን ልብ በይ፣ ቢጫ ካርድ የሙያ ፈቃድ አይደለም። በሽተኛ ለመንካት የሙያ ፈቃድ ለብቻው ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጪ በፊት ዶክመንትሽን አስረጋግጠሽ ላኪ። ሰው መጥቶ ወረቀት ሲጠብቅ የእረፍት ጊዜው አልቆ ሲመለስ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የማገኘው። በዛ ምን ይሰራል?

አንዴ መጥተህ ከቀረህ ብዙም አይሰራም፣ በየዓመቱ ወደዛው ክፍል ወደነዛው ሰዎች ከተመለስክ ግን ብዙ ይሰራል። የሌስተርና የጎንደር ሆስፒታሎችን ግንኙነት እይ፣ እንግሊዞች ናቸው እንጂ ዲያስፖራ አይደሉም ግን ትምህርቱ ያው ነው፣ በፈረንጅ 1996 ተጀምሮ ለአስርት ዓመታት የዘለቀው መመላለስ ስለነበረው ነው፣ ከዛ ይመጣሉ፣ የኛም ሰዎች ሄደው አይተው ይመለሳሉ፣ ዘንድሮ የተጀመረውን ለከርሞ የሚጠይቅ ሰው አለ ማለት ነው። አንተም መጀመሪያ የምታደርገው ምን እንደምትሰጥ መወሰን ሳይሆን እዚህ ያለውን ባለሙያ ደውለህ ምን እንደቸገረው መጠየቅ ነው። ሁለት ሳምንቷ እንግዲህ የስራው መሀል ትሁን፣ ከሷ በፊት ሦስት ወር በስልክ፣ ከሷ በኋላም በየወሩ አንድ ቀን ከሬዚደንቶቹ (ስፔሻሊቲ ከሚማሩት ሐኪሞች) ጋር በዙም ተገናኝ።

ጥያቄ፦ ማሽን ብልክስ አይሻልም?

ሳትጠይቁ አትላኩ፣ እባካችሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። አንድ ጤና ተቋም ውስጥ በስንት ልፋት የመጣ ማሽን በመጀመሪያው ቀን ተሰክቶ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያመጣው ልጅ እንባው ነው የመጣው። መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ ማን ይጠግነዋል የሚለውን ከሆስፒታሉ የባዮሜዲካል ባለሙያዎች ጋር ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ፖሊሲ ላይስ? ውጭ ያለ ሰው ሐሳቡ ይሰማል ወይ?

የተሰማላቸው አሉ። የኢኮኖሚ ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን የእህል ገበያችንን ለዓመታት ካጠናች በኋላ አገሯ ገብታ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ስራ ሲጀምር መሪው እሷ ነበረች። ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም፣ ቡና በደረጃ እየተቀላቀለ ስለሚሸጥ ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ አይታወቅም ተብሎ ከገዢዎች ብዙ ቅሬታ መጣ፣ አሰራሩም ኋላ ላይ ተስተካክሏል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ሐሳብ አምጥቶ መሄድ ሳይሆን ችግሩ ሲመጣ እዚሁ መገኘት እንደሚያስፈልግ ነው።

ሁሉም ግን ጠቅልሎ ይግባ አልልም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ነው አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት፣ በፈረንጅ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አቀንጭራ ምን እንደሆነ የማሽላ ገበሬ ጠይቁ፣ ከስሩ ተጣብቆ ነው ሰብሉን የሚመጠው። ዘሩ ብቻውን በቂ አልነበረም፣ ከማዳበሪያና ትልም ላይ ውሃ ከማቆር ጋር ነው የሚሰራው፣ ያን ደግሞ ገበሬው ማሳ ድረስ የሚያደርሰው እዚህ ያለው ተመራማሪና የልማት ሰራተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ እየጠፋ ኦንላይን ማስተማር ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሁሉንም ቀድተህ አስቀምጥ። ክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረውም፣ የዛን ጊዜ የጠቀመን በፍላሽ የተቀመጠ ትምህርት ነው። ወደዚህ የምትመጣበትን መንገድ በተመለከተ ደግሞ ከመምጣትህ በፊት እዚህ ያለ ሰው ጠይቅ፣ እሱ የሚልህን ስማ።

ጥያቄ፦ እኔ እዚሁ መምህር ነኝ። ከውጭ የሚመጣው ይከበራል፣ እኛ በዚህ ደሞዝ ዓመቱን ሙሉ የምንለፋው አንታይም። ይሄን ለምን አታነሳም?

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ከሁሉም ያመመኝ ያንተ ጥያቄ ነው። ጎንደር ከ1947 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሰለጥን ኖራለች፣ ውጭ ካሉት ስንቱ እዚሁ የተማረ፣ ያንተ ቢጤ መምህር ያስተማረው ነው። እንግዳው መጥቶ «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሰራው» ሲል አንተ ዝም ትላለህ፣ እሱ ሲሄድ ስራውም ይቆማል። ስለዚህ እኔ አሁን ጥያቄው ከእናንተ ዲፓርትመንት በደብዳቤ ካልመጣ ማንንም አላገናኝም። ደብዳቤው ላይ አብሮ የሚሰራው የዚህ ሰው ስሙ ይጻፋል፣ ጥናት ከወጣም ስሙ አብሮ ይወጣል። በዚህ ያልተስማማ ሁለት እንግዳ ገጥሞኛል፣ ሁለቱንም በትህትና መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጎንደሬ ነው፣ እኔ ግን አማርኛዬ ደካማ ነው። ልምጣ?

ነይ እንጂ! ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ በሽተኛ ጋ ስትሄጂ ተማሪዎቹ ያስተረጉሙልሻል። ጥር ላይ ከሆነ ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ አድርጊው፣ በበዓሉ ሰሞን ሆቴልም አይገኝ፣ የምታስተምሪያቸውም ልጆች ታቦት ሸኝተው እስኪመለሱ አታገኚያቸውም።